«ያዘው» ያሉኝ ሜዳይ

የአማርኛ መምህር ነኝ። ዲላ ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት አስተምሬአለሁ። ከጠመኔ የተረፈኝን ጊዜ የምሰጠው ለድሮ ሳንቲም ነው። ባለቤቴ ስብስቤን «ዝገትህ» ትለዋለች። «ዝገትህን አንሣና ጠረጴዛውን ልቀቅልኝ፣ ምሳ ላቅርብ» ስትለኝ ማርትሬዛዬን፣ አላዴን፣ ጠርዙ የተበላውን የንጉሡን ሽልንግ አንድ በአንድ ወደ ካርቶኑ እመልሳለሁ። ብዙዎቹን ያገኘኋቸው ገበያ ካሉት ብር ሠሪዎች ነው፤ ቀልጠው ጉትቻ ሊሆኑ ሲሉ ደርሼባቸው። በዚህ የተነሣ ራሴን እንደ አዳኝ እቆጥር ነበር። አማርኛ ግን ተንኮለኛ ነው፤ ከሞት የሚያተርፈውንም፣ ጠመንጃ ይዞ ጫካ የሚገባውንም አዳኝ ይለዋል። እኔ የትኛው እንደነበርኩ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለፈተና አስፈታኝነት ወደ ጨለለቅቱ ተላክሁ። ከተማዋ በአስፈታኝ ተጨናንቃ አልጋ ስለጠፋ፣ ወጣ ብሎ እንሰትና ቡና መሀል ከተቀመጠ ቤት አንዲት ክፍል አገኘሁ። የቤቱ ጌቶች ባልና ሚስት አዛውንት ናቸው። አባባ በንጉሡ ዘመን ባሕር ማዶ የዘመቱ ወታደር ነበሩ፤ አማርኛቸው የጦር ሰፈር አማርኛ ነው፣ አጭርና ቀጥ ያለ። እማማ ግን አፍ የፈቱት በጌዴኦኛ ስለሆነ በአማርኛ ሲያወሩ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጉታል። አፌን ዘግቼ በሆዴ አርማቸው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ያበሉኝን፣ ከፈተና ስመለስ ውሃ አሙቀው እግሬን ያስታጠቡኝን ሴት፣ እኔ በልቤ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ነበር የማዳምጣቸው።

በሦስተኛው ቀን ስለ ሳንቲሞቼ ሳወራ አባባ ቀና አሉና ለሚስታቸው በጌዴኦኛ አንድ ነገር አሏቸው። እማማ ሰማያዊ መሃረብ አመጡ፤ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት። ውስጡ ሜዳይ ነበር፤ የንጉሡ ምስል ያለበት ነሐስ፣ ጥብጣቡ ጫፉ ቢተለተልም ቀለሙን ያልለቀቀ። እንዲህ ያለውን በፎቶ እንጂ በእጄ ነክቼው አላውቅም ነበር።

«ስሞት ሣጥኔ ላይ ትሆናለች» አሉ አባባ። «ጡሩምባ የሚነፋልኝ ጓድ የለኝም፤ ሁሉም ቀድመውኛል። እሷ ትበቃኛለች።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ እንዳላመልጥ ነው የምጽፈው።

ልመለስ በተዘጋጀሁበት ጠዋት፣ አባባ እንደተኙ፣ እማማ ወደ ጓሮ ጠሩኝ። በዚያ ሰሞን አሮጌ ዕቃ የሚገዙ ነጋዴዎች በሞተር እየዞሩ ቤት ለቤት ይጠይቁ ነበር፤ የእማማ ልጅ ደግሞ እጁ አጥሮታል። መሃረቡን እንደተቋጠረ መዳፌ ውስጥ አስጨበጡኝ።

«መምህር፣ ልጁ ካገኘች ትሸጣለች» አሉኝ። «አንተ ያዘው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ!» አልኩና ጎንበስ አልኩ።

«ተባረክ» አሉኝ።

ነገሩ ይኸው ነው። ምስጋናዬ ፈጠነ። ሰው ዕቃ አስቀምጥ ሲባል «እሺ» ይላል እንጂ እንደዚያ አያመሰግንም፤ እኔ በምስጋናዬ አደራውን ስጦታ አደረግሁት። «ያዘው» ሁለት መንገድ አለው፤ ጠብቀው ማለትም ይሆናል፣ ያንተ ይሁን ማለትም ይሆናል። «ያዝልኝ» ቢሉኝ ኖሮ ማምለጫ አልነበረኝም። ያቺ «ልኝ» ጎደለች። ሚኒባሱ ውስጥ ስለዚያች «ልኝ» ሳሰላስል መጣሁ። ይርጋጨፌ ስደርስ ሜዳዩ ግማሹ የኔ ሆኖ ነበር፤ ዲላ ስገባ ሙሉ በሙሉ።

«ሰጡህ ወይስ አስቀምጥልን አሉህ?» አለችኝ ባለቤቴ።

«‹ያዘው› ነው ያሉኝ።»

«እና?»

«እናማ፣ ‹ያዘው› አሉኝ።»

አየት አድርጋኝ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ አደራ የሚል ቃል አልተነሣም ብዬ ተጽናናሁ። በሞተር የሚዞሩትን ነጋዴዎች ሌቦች እያልኩ ስሰድባቸው የኖርኩ ሰው ነኝ። እነሱ ግን ቢያንስ ዋጋ ይጠይቃሉ።

መሃረቡን ጣልኩት፤ አርጅቶ ሳስቷል፣ ለሰብሳቢ አይረባም። ሜዳዩን በኮላ ቀይ ከፋይ ላይ ለጥፌ መስተዋት ያለው ፍሬም ውስጥ አስገባሁት። ከሥሩም በዚያ በምመካበት የእጅ ጽሕፈቴ «ከጨለለቅቱ አካባቢ የተገኘ» ብዬ ጻፍኩ። ለተማሪዎቼ ተደራጊ ግሥ እያልኩ የማስተምረው ይህንኑ ነው። ተገኘ። ማን አገኘው? ከማን እጅ? ግሡ አይናገርም፤ እኔም የመረጥኩት ስለማይናገር ነው።

ዓመት አለፈ። ትምህርት ቤታችን የባህል ቀን ሊያከብር ተነሣ፤ ስብስቤም በቤተ መጻሕፍቱ ለእንግዶች እንዲታይ ተወሰነ። የጥሪ ወረቀቱ ላይ የወጣው የሜዳዩ ፎቶ ነው። በዓሉ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በእረፍት ሰዓት፣ መምህራን ክፍል ሻይ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጠራ።

«መምህር፣ ሽማግሌው ሄደች» አሉ እማማ። «ነገ ስድስት ሰዓት ቀብር ነው። ያዘው ያልኩህ፣ ይዘህ ና።»

ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። ከጀርባቸው የሚያለቅሱት ሴቶች፣ ቆርቆሮ የሚደበድበው ዝናብ ሳይቀር ይሰማኛል። ፍሬሙ ግን ከግድግዳው መሀል ተሰቅሏል። ነገ ሰው ሁሉ እሱን ሊያይ ይመጣል፤ ስለ እሱ የምናገረውንም ሳምንት ሙሉ አጥንቻለሁ።

«ሃሎ?» አልኩ። «ሃሎ እማማ? አይሰማም! ይቆራረጣል!»

«ነገ፣ መምህር፣ ነገ ስድስት ሰዓት...»

«ሃሎ? ሃሎ? ኔትዎርክ የለም!» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ስልኩን ጭራሽ አጠፋሁት።

«የኛ ኔትዎርክ ነገር!» ብሎ አንድ ባልደረባዬ አዘነልኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፤ ሻዬንም ጠጣሁ።

በማግሥቱ እንግዶቹ መጡ። አንዲት ሴትዮ ፍሬሙ ፊት ቆመው ጽሑፌን አነበቡና «ባለቤቱ ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

«በሕይወት የሉም» አልኩ።

እውነት ነበር። ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። ቢያዩኝ እስቅ፣ ባያዩኝ እሰርቅ የሚባለው ለኔ ዓይነቱ ነው፤ ሲያጨበጭቡልኝ እየሳቅሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፍሬሙን ባየሁ ቁጥር የማየው ሣጥን ነው፤ ላዩ ባዶ የሆነ ሣጥን። ለባለቤቴ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ «ቢላዋው መሳቢያው ውስጥ ነው» ብቻ አለችኝ። በአራተኛው ቀን ሜዳዩን ከከፋዩ ላይ በቢላዋ ነቀልኩት፣ በሶፍት ጠቀለልኩት፣ ጨለለቅቱ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በሞተር ሄድኩ።

ድንኳኑ አልተነሣም ነበር። እማማን ለማየት ድፍረት አጥቼ በር ላይ ካለው አግዳሚ፣ ከአንድ ጎረቤታቸው ጎን ተቀመጥኩ። ሰውዬው አያውቀኝም። ቀብሩ እንዴት እንደነበር ጠየቅሁት።

«አዬ፣ አስቸገረን» አለኝ። «ሚስቱ ‹የዲላ መምህር ሜዳይ ይዛ ትመጣለች› ብላ ሣጥኑን አስቆመች። መዘምራን መዝሙር ጨረሱ፣ ደግሞ እንደገና ጀመሩ። ሞተር በተሰማ ቁጥር ‹መጣች፣ መጣች› ትላለች። ኋላ ዝናብ ሲመጣ ምን እናድርግ፣ ቀበርነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስሰርቅ እንደዚያ አላፈርኩም፤ ያፈርኩት እማማ ሰው ፊት ቆመው ለኔ ዋስ መሆናቸውን ስሰማ ነው።

እማማ ከሴቶቹ መሀል አይተውኝ ተነሥተው መጡ። አቀፉኝ። አፌን ሳልከፍት «ኔትዎርክ ነው» አሉኝ። «አውቃለሁ። እዚህ ኔትዎርክ መጥፎ ናት። አንተ ምን ታደርግ።»

«ሰምቼዎት ነበር» ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። አላልኩም። ሶፍቱን ዘረጋሁላቸው።

ፈቱት። ሜዳዩን ገልብጠው ጀርባው ላይ የደረቀውን ኮላ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቅ ፋቅ አደረጉት፤ አልለቀቀም።

«መሃረብስ?» አሉኝ።

ባዶ ኪሴን ዳበስኩ።

«የሱ ነው። ዘመቻ ይዞ ሄዶ፣ ይዞ የመጣ ነው።»

ኮላውን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ እጄን ስበው ሜዳዩን መዳፌ ላይ መልሰው አኖሩት፤ ጣቶቼንም አንድ በአንድ አጠፉልኝ።

«ሣጥኑ መሬት ገባ» አሉ። «ያኔ ‹ያዘው› አልኩህ። አሁን ውሰደው።»

ሁለቱን ቃላት ለይተው ያውቋቸው ነበር። ድሮም ያውቋቸው ነበር። እኔ ጎደለች ያልኳት «ልኝ» የጎደለችው ከሳቸው አማርኛ አልነበረም።

ይህን ጊዜ «ተባረክ» አላሉኝም። ወደ ሴቶቹ ተመለሱ። እኔም ወሰድኩት።