የጋሽ ደምሴ ብሎኖች

ሮቤ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ ባለች ጠባብ የሞባይልና የኮምፒውተር ጥገና ቤት ቆሜ ነበር ሽታው ድንገት የመጣብኝ። ጠጋኙ ወጣት በአንድ ስልክ ሆድ ዕቃ ላይ አጎንብሶ በጋለ ብረት እርሳስ ያቀልጣል። ከብረቱ ጫፍ ቀጭን ጭስ ይወጣል። የተቃጠለ የጥድ ሙጫ ይመስላል ሽታው፤ ጉሮሮን ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ግን ደግሞ ጣፈጥ ይላል። በብብቴ ሥር በሻርፔ የጠቀለልኩትን የልጄን የሀያትን ላፕቶፕ ይዣለሁ። ሀያት ከጎኔ ጥፍሯን ትበላለች።

የላፕቶፑ ስክሪን መርገብገብ ከጀመረ ሦስት ቀኑ ነው። ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል። የመመረቂያ ጽሑፏ በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጠችውም። ሰኞ አስተማሪዎቿ ፊት ቆማ ታቀርበዋለች።

ወጣቱ ከፍቶ አየው፤ ሲርገበገብ ከንፈሩን መጠጠ።

«ማዘር፣ ይሄ ስክሪኑ አልቆለታል። ይቀየር ካላችሁ ከአዲስ አበባ ይመጣል። አሥር ቀን በሉት።»

የልጄ ፊት አመድ መሰለ። እኔ ግን፣ ያ ሽታ ይሁን ወይም የልጄ ፊት አላውቅም፣ በዚያች ቅጽበት ጎባ ነበርኩ፤ ከጋሽ ደምሴ ፊት በዱካ ላይ ተቀምጬ፣ መዳፌን እንደ ለማኝ ዘርግቼ።

ጋሽ ደምሴ ጎባ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግኑ ነበር። በድሮው ጦር ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ ይባላል። መንግሥት ተለውጦ ጦሩ ሲበተን፣ አንድ የወታደር ካፖርትና አንድ ካቻቢቴ ይዘው ወደ አገራቸው ጎባ ተመለሱ። ካፖርቱን ክረምት ከበጋ አያወልቁትም ነበር፤ የጎባ ብርድም ቢሆን አውልቁ አይልም። ሱቃቸው ከልብስ ሰፊዎቹ ተርታ ያለች፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ከደጃፏ የሰው ሁሉ አሮጌ የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ እንዲሞቅ ተደርድሯል። ጠዋት ጉሙ ከሰነቴ ጋራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን ሱቋ አትታይም፤ ከውስጧ የሚወጣው የሬዲዮ ሹሹታ ብቻ ይሰማል። መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። የዕቃን አቧራ የሚጠርጉት በዶሮ ላባ ነበር።

ሰው መጀመሪያ አላመናቸውም። በዚያን ጊዜ ጠጋኝ ሁሉ ደህናውን ዕቃ አውጥቶ የሞተውን ይከትታል ተብሎ ይታማል፤ እሳቸው ላይ ደግሞ ወታደርነታቸው ተጨመረ። አንድ የገበያ ቀን አንድ በግ ነጋዴ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ እየነቀነቀ «ደምሴ፣ የሬዲዮኔን ኩላሊት ለማን ሸጥከው?» ብሎ ሰፈሩን አሳቀባቸው። እሳቸውም አብረው ሳቁ አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድ ሕግ አወጡ፤ ባለቤቱ ካልተቀመጠ ዕቃው አይከፈትም። ባለዕቃው ፊት ለፊታቸው ዱካ ላይ ይቀመጣል፣ የሚፈታውን ብሎን አንድ በአንድ በመዳፉ ይቀበላል፣ ሲገጠም አንድ በአንድ ይመልሳል። ሼህም ይሁን ሹም፣ መዳፉን ሳይዘረጋ ከዚያ ሱቅ የወጣ የለም።

እኛ ቤት የነበረው ቴሌቪዥን ትንሽ ጥቁርና ነጭ ነበር። አባቴ ሁሴን ገብስ ነጋዴ ነው፤ ከሻሸመኔ በገብስ መኪና ላይ አስጭኖ ያመጣው ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ተሰልፎ አየው። እናቴ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። ልጆች እንዳይነኩት ተከለከልን። አንቴናውን ማዞር የተፈቀደላት ለፋጤ ብቻ ነበር። ፋጤ የአክስቴ ልጅ ናት፤ አክስቴ፣ አዳዳዬ የምላት የአባቴ እህት፣ ጎባ እንድትማር ካለችበት ከሪራ ገጠር ልካት እኛ ዘንድ ትኖር ነበር። ሥዕሉ ሲበላሽ ፋጤ የአንቴናውን እንጨት እንደ ጉሬዛ ትወጣዋለች። እኛ ከታች «ትንሽ ወደዚያ! አለፍሽው! መልሺው!» እያልን እንጮሃለን።

የአረፋ ዋዜማ ቤቱ ሲጸዳ ሰው እንዳያየኝ አድርጌ ቴሌቪዥኑን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት። አሥር ዓመቴ ነበር፤ ያኔም እንደ አሁኑ ቆሻሻ ያስጨንቀኛል። ከኋላው ባሉት ቀዳዳዎች አቧራ ስላየሁ ጨርቁን ወደ ውስጥ ጨመቅኩት። ውኃው ሲወርድ ሰማሁት። በሳምንቱ ሥዕሉ ይርገበገብ ጀመር።

አባቴ ለሁለት ሳምንት ያህል እያየ ቆየና አንድ ማለዳ ተናገረ። «አንቴናው ላይ ተንጠልጥላ ተንጠልጥላ ገደለችው። ቅዳሜ ወደ እናቷ ትመለስ። በቃ።»

ሪራ ያኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ ማስተማሪያ አልነበረም። ፋጤ ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ ከተመለሰች ምን እንደሚጠብቃት ሁላችንም እናውቃለን። ለትዳር የሚጠይቋት ሽማግሌዎች አዳዳዬ ቤት መመላለስ ከጀመሩ ቆይተዋል። ፋጤ ደብተሮቿን በፌስታል ጠቅልላ ከበሩ ኋላ አስቀመጠች። ያን ፌስታል ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ግን አልተናገርኩም። አባቴን እፈራ ነበር።

ሐሙስ ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ በጎረቤት ጋሪ ጭነን እኔና አባቴ ጋሽ ደምሴ ጋ ወሰድነው።

«ሁሴን፣ አካም ጅርታ? ሙሽራ ነው እንዴ እንዲህ የጠቀለልከው?» አሉት።

«ታማለች ሙሽራዋ። ይርገበገባል። የእህቴ ልጅ ናት አንቴና ላይ ስትወጣ ያበላሸችው። ቅዳሜ ወደ ሪራ እሸኛታለሁ።»

«ፈራጅ ሆነህ መጣህ እንጂ ዕቃ ልታሠራ አልመጣህም» አሉና ዱካውን ሳቡለት። አባቴ ግን የአስር ሶላት ደርሶበት ነበር። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ብሎኑን አንቺ ያዥልኝ» ብሎኝ ወደ መስጊድ ሄደ።

ጋሽ ደምሴ ወዲያው አልከፈቱትም። መጀመሪያ ጠየቁኝ። መቼ ጀመረው? ገና ሲበራ ነው ወይስ ሲሞቅ? ዝናብ ሲኖር ይብሳል? ሰው በአጠገቡ ሲያልፍስ? የምመልሰውን ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። እንደዚያ አድርጎ የሰማኝ ትልቅ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ከዚያ ካቻቢቴያቸውን አንስተው መፍታት ጀመሩ። የመጀመሪያው ብሎን መዳፌ ላይ ወደቀ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ብሎኖቹ እርስ በርስ ተጋጭተው ይንጫጫሉ።

ካቻቢቴውን አቆሙ። «ምነው የኔ ልጅ፣ በረደሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ፋጤ አይደለችም። በውኃ ወልውዬው ነው።»

አልደነገጡም። የኋላ ክዳኑን አንስተው ወደ ብርሃኑ አዞሩልኝ። በውስጡ በኩል እንባ የወረደበት የሚመስል የደረቀ መስመር ከላይ ጀምሮ መሐል ላይ ያልቃል።

«ውኃሽ ይሄውና። እዚህ ደርሶ ደከመው። ከሥር ያለውን አቧራ እይው፤ ጠብታ ነክቶት ቢሆን ጭቃ ይሆን ነበር። አንቺም አይደለሽም።» በላባው ጠረግ ጠረግ አደረጉና «አንድ ነገር አልነገርሽኝም። ሲርገበገብ ምን ታደርጉታላችሁ?» አሉኝ።

«አባ በጥፊ ይለዋል። ከዚያ ይስተካከላል።»

«በየት በኩል?»

«በቀኝ።»

ሳቃቸውን ዋጥ ሲያደርጉ አየሁ። መነጽራቸውን አድርገው በቀኝ በኩል አጎነበሱ፣ በካቻቢቴው እጀታ ቀስ ብለው መታ መታ አደረጉ፣ ከዚያ ጠሩኝ። ከአንዲት የብየዳ ነጥብ ዙሪያ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረች። ብረቱን አጋሉ፣ እርሳሱ ቀለጠ፣ ያ ጭስ ወጣ።

አባቴ ሲመለስ ቴሌቪዥኑ ክዳኑን እንዳወለቀ በርቶ ነበር፤ ሥዕሉ ፍንክች አይልም። «ያ ረቢ! ምን ነበር?» አለ። እኔ ብሎኖቹን ጨበጥኩ፤ የነገርኳቸውን ቢነግሩት ወየውልኝ።

«ሁለት ነገር ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ። «አንዱ የሻሸመኔ መንገድ ነው። እየናጠ አምጥቶ ሰነጠቀው። ሁለተኛው ጥፊ ነው።»

«ማን መታው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ዕቃህን ጠይቀው።» የቀኝ ጎኑን አሳዩት። ቀለሙ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ለቋል። «እጁ ሰፊ ሰው ነው። ገብስ የሚሰፍር ይመስለኛል። አንቴና ላይ የወጣ ሰው ግን እዚህ ውስጥ የለም።»

አባቴ መዳፉን አየ፣ ቀለሙን አየ። ልብስ ሰፊው ከጎረቤት «ሁሴን፣ ገብሱንም እንዲህ እየመታህ ነው እንዴ የምትሸጠው?» ሲለው እሱም ሳቀ። ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞረው «በይ አምጪ» አሉ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ መለስኩላቸው። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ቴሌቪዥኑን በጋሪው ወደ ቤት መለስነው። ማታ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ሥዕሉ በረዶ በረዶ ሲል አባቴ እጁን አነሳ፤ ከዚያ መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «ፋጤ» አለ ወደ ጓዳ፣ «ነይ አንቴናውን ወደ ጋራው በኩል አዙሪው።» ይቅርታ በእኛ ቤት እንደዚያ ነበር የሚጠየቀው። ቅዳሜ መጣ፣ አለፈም። ፋጤ ፌስታሉን ፈታችው።

ፋጤ ዛሬ ሪራ አስተማሪ ናት። እኔ እናቴ ስትታመም ከስድስተኛ ክፍል ቀረሁ፤ አላማርርም፣ የሚያስታምማት ሌላ አልነበረም። ጋሽ ደምሴም ሮቤ ባገባሁ በጥቂት ዓመት አረፉ፤ የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። ከእሳቸው የያዝኩት ነገር ቢኖር መጠየቅ ነው። ልጆቼ ሲያተኩሳቸው መቼ ጀመረ፣ ከምን በኋላ፣ ሲተኙ ነው ወይስ ሲነሱ እላለሁ። ሐኪም ፊትም እንደዚያው ነኝ። ልጆቼ «እማ መርማሪዋ» ይሉኛል። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ግን የምፈራውን ነገር ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

«የኔ ልጅ» አልኩት ወጣቱን፣ «መቼ መቼ ነው የሚርገበገበው ብለህ አልጠየቅኸንም።»

«ማዘር፣ ስክሪን ነው እኮ። ሲፈልገው ነው የሚርገበገበው።»

«አይደለም። ሦስት ቀን አይቼዋለሁ። አልጋ ላይ ተደግፋ ክዳኑን ወደ ኋላ ስታስተኛው ነው። ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ካለ ዝም ይላል። እስቲ ቀስ ብለህ አስተኛው።»

ሊስቅብኝ ነበር፤ ግን አስተኛው። ተርገበገበ። ቀና አደረገው፤ ዝም አለ። ደገመው። ከዚያ ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ።

«ማጠፊያው ጋ ያለው ኬብል ነው ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ስክሪኑ ደህና ነው።»

«ከመክፈትህ በፊት ጽሑፏን አውጣላት።»

ፍላሽ ሰካ። ክዳኑን በሁለት እጄ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት፤ ጽሑፏ ተገልብጦ እስኪያልቅ አልለቀቅኩትም። ሀያት ፍላሹን ነቅላ ጨበጠችው፤ ጥፍሯን መብላቷንም ተወች።

ወጣቱ ላፕቶፑን ገልብጦ የመጀመሪያውን ብሎን ሲፈታ መዳፌን ዘረጋሁለት። ግራ ገብቶት አየኝ። «ማዘር፣ ማግኔት አለኝ እኮ፣ አይጠፋም» አለኝ።

«ይሁን። ለእኔ ስጠኝ።»

ሰጠኝ። እንደ ጋሽ ደምሴ ብሎኖች አይደሉም፤ ከምስር ያንሳሉ፣ ክብደታቸው አይሰማም። ዘጠኝ ናቸው። ከማጠፊያው ሥር ተጨብጦ የቆየውን ኬብል አውጥቶ ሲያቃና ሀያት ተጠጋችኝ።

«እማ፣ እጅሽ ደከመ» አለችና መዳፏን ከመዳፌ ሥር ዘረጋች። አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ሰጠኋት።