ድንኳኑን ማን ትከሉ አላችሁ?

ልጄ በረሃ መቅረቷን የነገረችኝ አብራት የሄደችው የጎረቤቴ ልጅ ናት። ደላላው ሁለቱንም ከላሊበላ በወልድያ በኩል አፋር አወረዳቸው፤ ከዚያ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ወደ ባሕሩ በእግር ነዳቸው። የልጄ እግር ቆስሎ መራመድ ሲያቅታት ግራር ሥር አስቀመጧት። «ውሃ ይዘን እንመለሳለን አልናት» አለችኝ ልጅቱ። አልተመለሱም። የጎረቤቴን ልጅ ፖሊስ ይዞ መለሳት። በጎረቤት ፊት ጮህኩባት፤ ዛሬም አልጸጸተኝም።

ቀበሌ ሄድኩ። «የጠፋችው እዚያ ስለሆነ እዚያው አመልክቺ» አሉኝ። ከወንድሜ ጋር ቆላ ወረድኩ። እዚያ ያለው የወረዳ ጸሐፊ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «እናቴ፣ ከመጣሽበት ወረዳ ደብዳቤ አምጪ» አለ።

«ደብዳቤው እስኪመጣ አንተ ውሃ ታደርስላታለህ?»

ወንድሜ «እቴ፣ ተይ» ብሎ በነጠላዬ ጎተተኝ። አልተውኩም። ዘበኛ ነው ያስወጣኝ።

እኔ ልጄ ከቤት ስትወጣ የት፣ ከማን ጋር፣ መቼ ትመለሻለሽ ሳልል ቀርቼ አላውቅም። ለፍለጋውም ፎቶዋን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ የቀሚሷን ቀለም፣ የአንገቷን መስቀል፣ ክንዷ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ በደብተር ወረቀት ጽፌ ነበር የወረድኩት። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ቢሆንም ጽሑፌ ይነበባል።

የተሳፈርንበት መኪና ሾፌር አፋርኛ ያውቃል፤ አንድ ሽማግሌ ፈልጎ አገናኘን። ሽማግሌው ፎቶውን ገፋ አደረጉት።

«ጫማዋ ምን ዓይነት ነው?» አሉ በሾፌሩ በኩል። «መሬት ላይ የሚቀረው ፊት አይደለም።»

ፎቶው ከወገብ በላይ ነው። ያን ሁሉ ጽፌ ጫማዋን አላውቅም! ንዴቱ ያኔ ወደ ራሴ ዞረ። ወንድሜ ለጎረቤቴ ልጅ ደወለላት። «ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ ነው፤ ደላላው ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነው የሰጠን» አለች። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ከንፈራቸውን መጠጡ። ደላላው ሰዎቹን እንደ ከብት አንድ ዓይነት ምልክት አድርጎባቸው፣ አንዷ ስትጠፋ ዱካዋ ከማንም እንዳይለይ አድርጎ ነው የሸኛቸው።

እንዲያም ሆኖ ሽማግሌው ሁለት ቀን ይዘውን ዞሩ። ግራሩ አያልቅም። ከአንዱ ሥር የላስቲክ ጫማ አገኘን፤ የወንድ ነው፣ ትልቅ። የማን እናት ይሆን የምትፈልገው? በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦ «በእኛ አገር ሰውና ሰው ሲገናኝ ያየውን የሰማውን ሳይነጋገር አይተላለፍም። ዳጉ እንለዋለን። ያየ ካለ ወሬው ይደርሰኛል፤ እደውላለሁ። አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ።» ቢሮ ለቢሮ ዞሬ የረባ ነገር የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቤቴ ስደርስ ደጃፌ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ሴቶቹ ሲያዩኝ እሪ አሉ።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

የእድሩ ዳኛ «እንግዲህ በዚያ ሙቀት ይህን ያህል ቀን...» ብለው አንገታቸውን ደፉ። «ለነፍሷ እንድረስላት ብለን ነው።»

«ጋሼ፣ ሬሳዋን አይተዋል? እኔ እግሬ እስኪላጥ ስፈልግ እናንተ እዚህ ቁጭ ብላችሁ ገደላችኋት?»

«አብዳለች» አለች አንዷ ከኋላ።

«አዎ አብጃለሁ! ደህናዋ አንቺ በረሃ ወርደሽ ፈልጊያት!»

የንስሐ አባታችን አዲስ ናቸው። ቀስ ብለው ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ የክርስትና ስሟን ብቻ ንገሪኝ። ያለ እሱ ፍትሐት ማድረስ አልችልም።»

ልጄ ክርስትና የተነሳችው ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ያጠመቋት ቄስ አርፈዋል፣ የክርስትና እናቷም አርፈዋል። ያን ስም የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ካልተናገርኩ ማንም ልጄን ከሙታን ጋር ሊጠራት አይችልም።

«አባ፣ ለፍትሐት ከሆነ አልሰጥም። በቅዳሴ ለመንገደኛ ትጸልዩ የለም? ለዚያ ከሆነ ልንገርዎት።»

ዳኛው ሊናገሩ ሲሉ አባ በእጃቸው ከለከሏቸው። ጆሯቸውን አዘነበሉልኝ፤ ነገርኳቸው።

ከዚያ ሄጄ የድንኳኑን ካስማ መንቀል ጀመርኩ። መሬቱ ደረቅ ነው፣ እንቢ አለኝ። ወንድሜ መጥቶ አብሮኝ ያዘ።

«ንፍሮው ተቀቅሏል እኮ፣ እህቴ» አለች አንዲት የእድሩ ሴት፣ ግራ ገብቷት።

«ብሉት» አልኳት። «በልጄ ስም ግን አንድ ፍሬ እንዳትቀምሱ!»