የጥድ አፋፍ ገብስ

ትእዛዙ የደረሰን በመስከረም መጨረሻ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። «ጥድ አፋፍን ያዙ፤ ሳትታዘዙ እንዳትለቁ» አለ መቶ አለቃችን፣ ካርታውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በማግስቱ ጠዋት ኮረብታው ላይ ነበርን። ምሽግ ቆፈርን። ድንጋዩ አካፋ ይሰብራል።

እናንተ እዚህ ቬጋስ የተወለዳችሁ ልጆች ጦር ሜዳ ሲባል ጌም ላይ የምታዩት ይመስላችኋል። ልጄ ሃያት እንኳ «ባባ፣ ፈን ነበር?» ብላኝ ታውቃለች። የኛ ጦር ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ብሎ የሰው እርሻ ማየት ነበር።

ከኮረብታው ሥር ያለው አጥቢያ ጥድ አፋፍ ሚካኤል ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑ ከፊታችን ካለው ጉብታ ማዶ ስለሆነ ለእኛ የሚታየን የጥዶቹ ጫፍ ብቻ ነው። እኔ መርካቶ ተወልጄ ያደግሁ፣ በብሔራዊ ውትድርና የተያዝኩ፣ ገብስ ከስንዴ የማልለይ ሰው ነኝ። አገሩን ያስተማረኝ አስር አለቃ ደመቀ ነው፤ የጎጃም ገበሬ ልጅ። የጦር መነጽሩን ተቀብሎኝ «ያን እርከን ታያለህ? የአንድ ሰው ሥራ እንዳይመስልህ» ይለኛል። «አያት ጀምሮት፣ አባት ቀጥሎት፣ ልጅ ነው የጨረሰው። እዚያ ዳር ያለው ማሳ ደግሞ ባል የሞተባት ሴት እርሻ ነው፤ አረሙ ያስታውቃል።» ሰዎቹ ጠዋት ከብት ያወጣሉ፣ ከምንጩ ውሃ ይቀዳሉ፣ ቀኑን ሙሉ ወፍ ይጠብቃሉ። ጠላት ማዶ፣ እኛ ወዲህ፣ እነሱ መሀል ላይ። ጦርነቱ የነሱ ጉዳይ አልነበረም።

አንድ ቀን ደመቀ «ስማ ኑሩ» አለኝ። «የክርስትና ስሜ ኃይለ ሚካኤል ነው። ከሞትኩ ለፍትሐት ይፈለጋል፤ ያዝልኝ።»

«ይሄ ሁሉ ክርስቲያን እያለ ለኔ ለሙስሊሙ?»

«እነሱማ የራሳቸው አለባቸው። አንተ የምትይዘው ይሄን ብቻ ነው።» ሳቅን።

ኅዳር ገባ። ገብሱ ደረሰ። አንድ ቀን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ጠላት አጠቃን። መልሰን አጠቃን። እያሳደድን እስከ ገብሱ ወረድን። ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ምሽጋችን ተመለስን። ሰባት ሰው አጣን። ስድስቱን አነሣን። ደመቀ ከጉብታው ወዲያ፣ ከእኛ በማይታይ በኩል፣ ገብሱ ውስጥ ቀረ። ሊያነሣው የወረደ የለም። እኔም አልወረድኩም።

በሦስተኛው ቀን ማሳው ጭር አለ። ሰው የለም፣ ከብት የለም። መቶ አለቃው «ገበሬው ሸሽቷል፤ ነገ ጠላት ይመጣል» አለን። ቀን መቁጠር ከተውን ቆይተናል፤ ክርስቲያኖቹም ቀኑ ጠፍቶባቸዋል። ደመቀ ቢኖር በጣቱ ቆጥሮ «ኅዳር ሚካኤል እኮ ነው፤ በታቦቱ ቀን ማን ያጭዳል?» ይለን ነበር። እኔ ከየት ልወቀው?

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ቅኝት ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ጉም ነበር። ከጉሙ ውስጥ ሰዎች ወጡ። በአንድ መስመር፣ ጎንበስ ብለው፣ ገብሱን እየገፉ ወደ ላይ ይመጣሉ። እጃቸው ላይ ብረት ያብረቀርቃል።

«በመስመር እየመጡ ነው!» አልኩ።

«መሣሪያ ይዘዋል?» አለኝ መቶ አለቃው።

«አዎ።»

«ይመስለኛል» ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። ሞርታሩ አምስት ጊዜ ተኮሰ። ጉሙ ሲገለጥ በመነጽር ያየሁት ነዶ ነው። የታሰረ ነዶ፣ ማጭድ፣ የተደፋ የጠላ እንስራ። ያ አላህ! ደቦ ነበር። በበዓሉ የተስተጓጎለባቸውን አጨዳ ለማካካስ ማልደው የወጡ ናቸው። አጫጅ በመስመር፣ ጎንበስ ብሎ እንደሚሄድ የገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል። መነጽሩን የያዘው ግን የመርካቶው ልጅ ነበር። መቶ አለቃው በሬዲዮ «ጠላት፣ አሥራ አንድ ሙት» ብሎ ሪፖርት አደረገ። ማናችንም አላረምነውም። በሳምንቱ ኮረብታውን ለቀን ሄድን፤ ያን ሁሉ ሰው ያስጨረሰውን ኮረብታ፣ ያለ አንድ ጥይት።

ከስንት ዓመት በኋላ ዲቪ ደርሶኝ እዚህ መጣሁ፣ የአንድ ካዚኖ ሆቴል ሻትል፣ የእንግዳ ማመላለሻ፣ ነዳሁ። እዚያው ሎንደሪ፣ ልብስ አጠባ፣ የሚሠሩ ጋሽ ጌጡ የሚባሉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን የምሳ ብሬክ ላይ አገራቸውን ብጠይቃቸው ጥድ አፋፍ ሚካኤል አሉኝ። «በዚያ በኩል ዘምቻለሁ» አልኩና ወሬ ቀየርኩ። በ2020 ካዚኖው ሲዘጋ ሁለታችንንም ሌይኦፍ አድርገው ከሥራ አሰናበቱን። ኅዳር ላይ አሊያንቴ ሰፈር ያለው ቤታቸው ለሚካኤል ዝክር ጠሩኝ። ጓሮ ውስጥ ማስክ አድርገን፣ ወንበር አራርቀን ተቀመጥን። ከወረቀት ላይ የሙታን ስም አነበቡ፤ አሥራ አንድ። ከዚያ «ስሙን ያላወቅነው ወታደር» አሉ።

«የምን ወታደር?» አልኩ።

«ገብሱ ውስጥ ወድቆ አገኘነው። አንገቱ ላይ ማተብ አለ። በበዓሉ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ተሸክመን ወስደን ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። በማግስቱ የሱው ጓደኞች ወንድሜን አጨዳ ላይ ገደሉት። ሟቹ ምን አደረገ? ከዝክሩ አላወጣነውም። አንተ በዚያ በኩል ዘምተሃል፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው ታውቅ ይሆን?»

ስሙን ከሰጠሁ ኮረብታው ላይ እንደነበርኩ ማወቃቸው ነው። «እኔ ሌላ ግንባር ነበርኩ፣ ጋሽ ጌጡ» አልኩ። ኮካ ኮላዬን ጨርሼ ወጣሁ። ወራዳ!

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ደመቀ አንዲት ስም አስያዘኝ፤ እሱን የቀበሩት ጋሽ ጌጡ ፊት ቆሜ ስሙን ከለከልኩት። በዚያ ላይ ጋሽ ጌጡ ኮቪድ ይዟቸው ሆስፒታል ከርመው ወጡ። ቢሞቱስ ኖሮ ለማን ልነግር ነው?

የ2021 ኅዳር ሚካኤል ሳልጠራ ሄድኩ። ወረቀቱን ሲያወጡ አስቆምኳቸው። «ኃይለ ሚካኤል» አልኩ። «የወታደሩ የክርስትና ስም ነው። ደመቀ ነበር የምንለው። አጫጆቹን ያየሁት እኔ ነኝ። መሣሪያ ይዘዋል ያልኩትም እኔ ነኝ፣ ጋሽ ጌጡ።»

ከዚያ እስክሪብቶ አውጥተው ወረቀቱ ላይ ጻፉ።

«ስሙን ስላመጣህልን እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉ። «አሁን ከቤቴ ውጣልኝ።»

ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም፤ አልፈርድባቸውም። ሃያት፣ ያኔ ለጠየቅሽኝ መልሱ ይሄ ነው።

ሙታኑ እንዲህ ናቸው። ከእኛ ሰባት። ከአጥቢያው አሥራ አንድ። በእኛ ወረቀት አሥራ አንዱም እስከ ዛሬ ጠላት ናቸው። በነሱ ወረቀት ሙታኑ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ደመቀ ከወንድሞቻቸው ጋር ተጽፏል።