የአባቴ ላንድሮቨር፣ «ና» እና «በቃ»

ላንድሮቨር መጀመሪያ የተሣለችው ባሕር ዳር ነው። አባቴ እንዲህ ነበር የነገረኝ፤ «አንዱ እንግሊዝ ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ አሸዋው ላይ በጣቱ ሣላት።» እኔም ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ይህንኑ ይዤ እጄን አወጣሁና ላንድሮቨር የተፈጠረችው ጣና አጠገብ፣ በእኛው አገር መሆኑን ለመምህሬ አስረዳሁ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ቤት እንደገባሁ ቱግ ብዬ አባቴ ላይ ጮህኩበት። እሱ እንባው እስኪመጣ ሳቀና «ዓይኔ፣ የባሕር ዳርቻ ማለቴ እኮ ነው፣ የእነሱ ባሕር!» አለኝ። ሲያቆላምጠኝ «ዓይኔ» ነበር የሚለኝ። ቃሉ በኋላ እንዴት እንደሚከብደኝ ያን ጊዜ አላውቅም።

አባቴ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሠራተኞችን ቆላ ለቆላ ያመላለሰው በላንድሮቨር ነው። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን መሥሪያ ቤቱ ያረጁ መኪኖቹን በጨረታ ሲሸጥ፣ ከሁሉም ያረጀችውን፣ የራሱን፣ ገዝቶ ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ አስገባት። እናቴ ከደጅ ቆማ ዓየቻትና «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አለች። የቀበሌ ግቢ ነው፤ አራት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ገመድ። አሁን ደግሞ አንድ ላንድሮቨር።

ታሪኳን እንደ ዳዊት ነበር የሚደግመው። እንግሊዞቹ ከጦርነቱ ሲወጡ ብረት አጠራቸው፤ የተረፋቸው የአውሮፕላን ቆርቆሮ ነውና እሱን አለበሷት። አረንጓዴ ቀለሟም ከጦሩ የተረፈ ቀለም ነው። የሠሯት ለገበሬ ነው፤ እንድታርስ፣ እንድትጎትት፣ እንድትሸከም። ባትሪዋ ቢሞት በማኖቬላ አሽከርክረህ ታስነሣታለህ። «ይህቺ መኪና ምሥጢር የላትም» ይላል። «ሁሉ ነገሯ በመፍቻና በመዶሻ ይፈታል። እነዚያ ጃፓን ሠራሽ ነጫጮቹ ሲያማቸው ስፔሻሊስት ይፈልጋሉ፤ እሷ የምትፈልገው አይዞሽ የሚላት ሰው ነው።» ኧረ ተወኝ! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ እንደ ጸበል ሲያመላልሳት እያየሁ ነው ያደግኩት። ይህን ስለው «በሷ ዕድሜ ጉልበቱን የማያመው ማን አለ?» ይለኛል።

ሁሉም ሰው አልወደዳትም። ከእኛ ቀጥሎ ያሉት አሮጊት፣ እትዬ የምንላቸው፣ የሞተሯን ድምፅ ሲሰሙ በራቸውን ይዘጉ ነበር። በዚያ በክፉው ዘመን ልጃቸውን ከቤት የወሰዱት ሰዎች የመጡት በላንድሮቨር ነው። አባቴ ይህን የሰማ ዕለት ምሳውን አልበላም። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ሊያስነሣት ሲል አስቀድሞ በራቸውን ያንኳኳና «እኔ ነኝ እትዬ፣ እኔ ነኝ» ይላቸዋል። እሳቸው እስኪሞቱ አንድም ቀን ሳያንኳኳ አስነሥቷት አያውቅም።

ክብሯ ግን በዕድሩ ነበር። ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን የምታደርሰው እሷ ናት። ክረምት ላይ ቂርቆስ ውስጥ ሌላ መኪና ጭቃውን ፈርቶ አፋፍ ላይ ሲቆም፣ አባቴ አጋዥ ማርሿን ሲያስገባላት ቀስ እያለች ትወርዳለች። የሐዘንተኞቹ ዘመዶች «ጋሼ ደረሱልን» ይላሉ። ጡረታ የወጣ ሹፌር ሌላ ምን አለው? ያቺ «ጋሼ ደረሱልን» የምትባለው ናት ቀጥ አድርጋ ያቆመችው።

ዓይኑ መድከም የጀመረው እኔ ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን አለው። አባቴ ጠብታውን ኪሱ ከተተና «ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። እናቴ ግን ሻዩን ከስኒው ውጪ ሲቀዳ ዓይታው ከእኔ በፊት አውቃለች፤ እሷም ዝም።

መንጃ ፈቃዱ የሚታደስበት ጊዜ ደረሰ። የዓይን ምርመራ አለ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ ነው፤ ሦስት ጣት እንዳለው ሹካ ያለ ምልክት እየተደረደረ ወደ ታች ያንሳል፣ ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ በእጅህ ታመለክታለህ። አፌን በቆረጠው፣ ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አስቀድሜ ሄጄ ወረፋ የምጠይቅ መስዬ ቆምኩና መስመሮቹን በቃሌ ይዤ ወጣሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አስጠናሁት። ላይ፣ ግራ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ። እንደ ቄስ ተማሪ እየተወዛወዘ ያዜመዋል፤ ሲሳሳት እቆጣዋለሁ፣ ሁለታችንም እንስቃለን። አለፈ። ያን ዕለት ቄራ ወርደን ጥሬ ሥጋ በላን። ሴት ልጅ አባቷን እንዲህ የምታስደስትበት ቀን ስንት ጊዜ ይገኛል? ደስታዬ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲያ ዓይኑ እኔ ሆንኩ። ጎኑ ተቀምጬ «ሚኒባስ ከቀኝ፣ ሰው ይሻገራል፣ ቁም፣ ሂድ» እላለሁ። የሚያስፈራው ግን መንገዱ ሳይሆን ከግቢ መውጣቱ ነበር። ግቢው ጠባብ ስለሆነ መኪናዋ መጀመሪያ ልብስ እስከሚሰጣበት ግንብ ድረስ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ከዚያ መሪዋ ተጠምዝዞ ወደ በሩ ትዞራለች። ግንቡ ጋ ቆሞ የሚያስመጣት ሰው ያስፈልጋል። በዚህ ከተማ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሁለት ቃላት ናቸው፤ «ና፣ ና፣ ና» ትለዋለህ፣ ሲደርስ «በቃ!» ትለዋለህ። አባቴ መስታወት ማየት ትቷል። እግሩ የሚታዘዘው ለነዚያ ሁለት ቃላት ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቂርቆስ ሰው ሞቶ ድንኳኑ ቶሎ ይፈለጋል። አባቴ ሞተሯን አስነሥቶ መሪው ላይ ተቀምጧል። እኔ ወደ ግንቡ ልሄድ ስል ስልኬ ጮኸ፤ ከቢሮ ነው። «አንዴ ቆይ አባዬ፣ እስክጠራህ እንዳትነቃነቅ» አልኩትና ድምፅ እንዲሰማኝ ወደ ውጪው በር ሄድኩ። ቧንቧው ጋ ያለችው ጎረቤታችን፣ እኩያዬ ናት፣ ልጇን ለቁርስ ትጠራለች። ልጁ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

«ና! ና እንጂ! ና ብዬሃለሁ፣ ና!»

መኪናዋ ወደ ኋላ ተንቀሳቀሰች።

ገመዱ ላይ ነጭ አንሶላ ተሰጥቷል። ከአንሶላው ሥር የእናቴ ነጠላ ጫማ ይታያል።

አንዲት ቃል ነበረች የምታስፈልገው። ስልክ ላይ ስንት ጊዜ ነው የምላት! በቃ እሺ፣ በቃ ቻው፣ በቃ እደውልልሻለሁ፤ የአዲስ አበባ ሰው ሦስት ቃል ከተናገረ አንዱ በቃ ነው። ያን ሰዓት ግን ከአፌ የወጣው «እማዬ!» ነው። አባቴ «እማዬ» ማለት «ቁም» ማለት መሆኑን በምን ይወቅ? እናቴን ለሆነ ነገር የምጠራት መሰለው። ጎረቤታችን አሁንም «ና!» ትላለች። እሱም መጣ።

አንሶላው ከገመዱ ተጎትቶ ወረደ። መኪናዋ ቆመች። አባቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ግንቡን ነካሁት እንዴ?» አለ።

ስሮጥ ደረስኩ። እናቴ በግንቡና በፓራውልቱ መካከል፣ አንሶላው ላይ ወድቃለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ልጮህ አፌን ስከፍት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ዝም በይ። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ ጮክ ብላ «ምንም አይደለም! የሳሙና ውሃ አንሸራተተኝ!» አለች።

እግዜር ያሳያችሁ። ሴትዮዋ ዳሌዋ ተሰብሮ ለእሱ ውሸት ትፈልጋለች።

አባቴ ወርዶ በዳሰሳ አገኛት። አቅፎ ከኋላ፣ በተጫነው ድንኳን ላይ አስተኛት። ታክሲ እንጥራ ስለው ተቆጣኝ፤ «ቤቴ መኪና ቆሞ?» እኔም ዓይኑ ነኝና ከጎኑ ተቀመጥኩ። በመስቀል አደባባይ በኩል ስንሄድ «ሰው፣ ቁም፣ ቀይ ነው፣ ሂድ» እያልኩ አለቅሳለሁ፤ ለቅሶዬ እንዳይሰማ በየመሃሉ አስላለሁ። እሱ ደግሞ ወደ ኋላ ዞር እያለ «አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ይህቺ መኪና ስንቱን ታማሚ ከበረሃ አውጥታለች፣ አይዞሽ» ይላታል። እናቴ በጉድጓዱ ሁሉ ጥርሷን ነክሳ «እሺ፣ እሺ» ትለዋለች። በሕይወቴ የሰማሁት ከባዱ ንግግር እሱ ነው።

እናቴ ተኝታ ከረመች። ስትነሣ በምርኩዝ ሆነ። አባቴ ምርኩዙ ወለሉን ሲመታ በሰማ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ እኔ አዝኖላት ነው አልኩ። ግን መኪናዋን አልተወም። ዕድሩ በጠራው ቁጥር ኮቱን ይለብሳል፣ «ዓይኔ፣ ነይ አስመጪኝ» ይለኛል። ዓይንህ አያይም፣ ሚስትህን የገጨሃት አንተ ነህ ልበለው? ተናገሪ ተናገሪ የሚለኝን አፌን ይዤ አንድ እሑድ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ኮፋኖዋን ከፈትኩ። ልጅ ሳለሁ ራሱ ነው ያስተማረኝ፤ ለሞተሩ እሳት የምታከፋፍል አውራ ጣት የምታህል ዕቃ አለች፣ እሷ ከሌለች ላንድሮቨር ሬሳ ናት። አወጣኋትና በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አኖርኳት።

በማግስቱ አስነሥቶ አስነሥቶ እምቢ አለችው። ኮፋኖውን ከፍቶ በጣቱ ይዳብስ ጀመር። ባትሪውን፣ ካንዴላዎቹን፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ። እኔ በመስኮት እያየሁ ነው። ጣቶቹ ያቺ ዕቃ የምትቀመጥበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ኮፋኖውን ድምፅ እንዳያሰማ አድርጎ ከደነና እጁን በጨርቅ ጠረገ። ቤት ገብቶ «አርጅታለች፣ ትረፍ» አለ። መካኒክም አልጠራ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት መሪው ላይ ይቀመጥና ሬዲዮ ያዳምጣል። የዕድሩን ድንኳን የኪራይ አይሱዙ ይወስደው ጀመር። «ጋሼ ደረሱልን» የሚልም ጠፋ። ሰውየው ዓይኔ እያየ በየቀኑ ያጥራል፤ ያሳጠርኩትም እኔ ነኝ።

ዓመታት አለፉ። ሰፈሩ ይፈርሳል ተባለና የቤቶቹ ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። ለእኛ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ደረሰን። ለእናቴ ዳሌ አራተኛ ፎቅ! ለመኪናዋማ ማን ያስብላታል። ከቡታጅራ ወዲያ የእንሰት እርሻ ያለው ነጋዴ ወሬዋን ሰምቶ ሹፌሩን ይዞ መጣ። አባቴ ሰውየውን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መንገዱ ጭቃ አለው?» «ኧረ ጋሼ፣ ጭቃ ብቻ ነው ያለው!» አለው። «እንግዲያስ ውሰዳት» አለ።

የተለዩበት ጠዋት ዕቃችን ግቢ ወጥቷል። እናቴ የፍራሽ ጥቅልል ላይ ምርኩዟን ይዛ ተቀምጣለች። እኔ የማንም ዓይን በሌለበት ያቺን ዕቃ ቦታዋ መለስኳት። ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር በአንድ ጊዜ ተነሣች። አባቴ አልገረመውም። ኮቱን ቆለፈና «እኔ ነኝ የማስመጣት፣ ግቢውን የማውቀው እኔ ነኝ» አለ። ማን ይከለክለዋል? በዚያን ጊዜ ጥላና ብርሃን እንኳን አይለይም። በእጁ ግንቡን እየዳበሰ ሄደና ባዶው የልብስ ገመድ ሥር ጀርባውን አስደግፎ ቆመ።

«ና» አለ። «ና። ና።»

ሹፌሩ አምኖት መጣ። እኔ «በቃ» እስኪል እጠብቃለሁ። ጆሮው ደህና ነው፣ ሞተሯ የት እንደደረሰች ከማንም በላይ ያውቃል።

«ና» አለ። «ና።»

ድምፁ አልተለወጠም። አለመሸሹን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለት እጆቹን ወደ ጎኑ ለቅቆ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ቆሟል።

«በቃ!» ብዬ ጮህኩ። «በቃ! በቃ! በቃ!»

ፍሬኑ ጮኸ። ፓራውልቱ ጉልበቱን ሊነካ አንድ ጋት ሲቀረው ቆመ። ሹፌሩ ደንግጦ እየወረደ «ጋሼ፣ ምነው በቃ አይሉኝም?» አለ። አባቴ እጁን ዘርግቶ ፓራውልቱን ነካው፣ ከዚያ የራሱን ዳሌ ነካ። ፊቱን ድምፄን ወደሰማበት አዙሮ «ዓይኔ» አለኝ፤ «እናትሽ የቆመችው እዚህ ነበር?»

ስንት ዓመት ያከማቸሁት ውሸት ሁሉ አንዱም አልመጣልኝም። ቆሜ አለቀስኩ። የመለሰችለት እናቴ ናት፣ ከፍራሹ ላይ ሳትነሣ።

«ትንሽ ወደ ቀኝ» አለችው። «በቃ። አሁን ና ከዚያ።»

እሱም እጁን በመኪናዋ ጎን እያስታከከ፣ ድምፅዋን ተከትሎ መጣ።