ባላባት ስተርሊንግ ሃያ ስምንት ዓመት ያልሄደበት ቤት

ባሌን ሆሊስ ፕሩትን ያህል የተጠላ ሰው በሰሜን አላባማ አልነበረም። ቀልድ አይደለም፤ ባንክ የዘረፈ እንኳ እንደሱ አልተጠላም። ሥራው ነዋ! ሬስሊንግ የሚሉትን፣ አሸናፊው አስቀድሞ የሚታወቅበትን የትግል ትርኢት ይታገል ነበር፣ ያውም ክፉው ሰውዬ ሆኖ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሕዝቡ እሱን ለመስደብ ትኬት ገዛ። እኔ ሚስቱ ኢሞጂን ነኝ። በዚያ ስድብ ቤት ሠርተናል፣ ስለዚህ በስድቡ አላማርርም። የማማርረው በሌላ ነገር ነው፣ እሱን ልንገራችሁ።

ሪንግ ላይ ስሙ ባላባት ስተርሊንግ ነበር። ከቦስተን የመጣሁ ሀብታም ነኝ ይላል። ቦስተንን በካርታ እንኳ አያውቃትም! የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ልጅ ነው፤ የተወለደው ከዚህ ከቤታችን ሠላሳ ማይል ርቆ ነው። ያንን የቬሉት ካባውን ከእናቴ የሳሎን መጋረጃ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ፀጉሩንም በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ በኩሽና ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፌ ቢጫ አደርግለት ነበር። «ዓይኔን! ዓይኔን አጠፋሽው!» እያለ ይጮኻል፣ ያ ሁለት መቶ ስልሳ ፓውንድ የሚመዝን ሰውዬ። ሰኞ ሰኞ ደግሞ አዳራሽ ይገባና ማይኩን ይዞ፣ «እናንተ ባላገሮች፣ እኔ ፊት ከመቀመጣችሁ በፊት የጫማችሁን እበት ጥረጉ» ሲላቸው ወንበር ይወረወራል።

ጀግናው ዴልበርት ኦግልትሪ ነበር። የጥጥ ገበሬ ልጅ ነው፤ የእርሻ ቱታውን እንደለበሰ ነበር ሪንግ ላይ የሚወጣው። ሁለቱ ስምንት ዓመት ተፋለሙ። በአንድ የአላባማ ሐምሌ፣ ማቀዝቀዣ በሌለው አዳራሽ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ታግለው አቻ ወጡ። ያን ቀን የነበሩ ሽማግሌዎች ዛሬም ሲያወሩት ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። እኔ ግን የማስታውሰው ሌላ ነው። አንድ ሰው ሌላውን ገልብጦ በጭንቅላቱ ሲደፋው የዚያ ሰው ነፍስ በእጁ ናት። ዴልበርት ስምንት ዓመት አንገቱን ለሆሊስ ሰጠ፤ ሆሊስም ስምንት ዓመት አንዲት ጭረት ሳያደርስበት መለሰለት። በዚህ ምድር ላይ ከእነሱ በላይ የሚዋደዱ ሰዎች አላየሁም፣ እኔና ሆሊስን ጨምሮ።

ታዲያ መዋደዳቸው ሊታይ አይገባም። የሙያው ሕግ ነው። ክፉዎቹና ደጎቹ መልበሻ ክፍላቸው ለየብቻ ነው፣ መኪናቸውም፣ የሚበሉበትም ቤት። አዘጋጁ ሚስተር ስታንፊል «ሕዝቡ የሚከፍለው ጠብ ለማየት ነው። አብራችሁ ስትስቁ ካየ ሁላችንም ጥጥ ለቀማ እንመለሳለን» ይል ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን በዴልበርት ፎርድ መኪና በድብቅ አብረው ይሄዱ ነበር። ከተማ ሲደርሱ ሆሊስ ኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ ብርድ ልብስ ይለብሳል። እኔም ሁልጊዜ የሁለት ሰው ሳንድዊች እጠቀልላለሁ፤ የዴልበርት ሰናፍጭ የለውም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት፣ በጥቅምት፣ ከግጥሚያ ሲመለሱ ዴልበርት በጣም ደክሞት ስለነበር ቦታ ተለዋወጡ። እሱ ኋላ ተኛ፣ ሆሊስ መሪውን ያዘ። ሊነጋ ሲል ሆሊስን እንቅልፍ ወሰደው። መኪናው ከድልድይ አጥር ጋር ተላተመ። ሆሊስ ግንባሩ ተፈነከተ፤ የዴልበርት ዳሌ ግን ደቀቀ። ሆሊስ ጎትቶ አውጥቶት ሜዳ ላይ አስተኛው። የከባድ መኪና መብራት ከሩቅ ሲታይ ዴልበርት ራሱ፣ በዚያ ስቃይ ውስጥ ሆኖ፣ «ሂድ! ሂድ እንጂ፣ አብረን እንዳያዩን!» አለው። ሆሊስም ሄደ። በጥጥ ማሳ መሐል ስድስት ማይል በእግሩ ተጉዞ፣ በደም ተለውሶ ኩሽናዬ ውስጥ ገባ።

ሚስተር ስታንፊል ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቅዳሜ ጠዋት በቴሌቪዥን ወጥቶ «የዴልበርትን ፍሬን ማን እንደነካው ሁላችንም እናውቃለን» አለ። ሆሊስም ካሜራው ፊት ቆሞ፣ የግንባሩን ፋሻ በባርኔጣ ሸፍኖ፣ «ፍሬን? እኔ መካኒክ መሰልኳችሁ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። በሚቀጥለው ሰኞ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ውጭ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ የሆሊስ ስም «ፍሬን ቆራጩ» ሆነ። አንዱ በጩቤ ጎኑን ወግቶት አሥራ ዘጠኝ ቦታ ተሰፋ። ውሻችንን በመርዝ ገደሉብን። ቤተ ክርስቲያን እኛ የተቀመጥንበት አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። ዴልበርት ዳግመኛ ሪንግ ላይ አልወጣም፤ ስምንት ወር በጄሶ ተኝቶ፣ ከዚያ በከዘራ እየሄደ የከብት መኖ መሸጫ ውስጥ ተቀጠረ። ሚስተር ስታንፊል ሆሊስን «አትጠይቀው፣ አትደውልለት። ሚስቱ ኦፓል ምስጢር መያዝ አትችልም፤ እሷ ካወቀች ከተማው አወቀ» ብሎ አስማለው። ለትንሽ ጊዜ ነው ተባለ።

ትንሽ ጊዜ! ሆሊስ ትግሉን ካቆመ ዓመታት አለፉ። ሚስተር ስታንፊል ሞተ፣ ድርጅቱ ፈረሰ። ሬስሊንግ ጨዋታ እንደሆነ ቴሌቪዥኑ ራሱ ተናገረ፣ የአምስት ዓመት ሕፃን እንኳ አወቀው። ያልሰማ ሆሊስ ብቻ ነው የቀረው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? «ደውልለት» ስለው «ዝም አይነቅዝም» ይለኛል። እሱ ዝም ባለ ቁጥር እኔ ነቀዝኩ።

እንዲህ ሆነን ሆሊስ ሰባ ዓመት ሞላው። አንድ ማክሰኞ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሄዶ ግማሹን ብቻ ተቆርጦ መጣ። ወሬውን ሲሰማ ከወንበሩ ተነስቶ ነው የወጣው።

«ዴልበርት ሳንባው አለቀ» አለኝ። «ሐኪሞቹ ቤቱ መልሰውታል።»

«እና ምን ትጠብቃለህ? ተነስ እንሂድ!»

«በምን አፌ? ኦፓል ሞታለች። ያለችው ልጁ ፖሌት ናት። እሷ የምታውቀው ፍሬኑን የነካሁት እኔ መሆኔን ነው።»

«እውነቱን ንገራታ!»

«እንዴት አድርጌ? አባትሽ ዕድሜሽን ሙሉ ዋሽቶሻል ልበላት? ሰውየው እየሞተ እኮ ነው፣ ኢሞጂን። በሞት አልጋው ላይ ውሸታም ላድርገው?»

«ሳታየው ቢሞትስ?»

ማቀዝቀዣውን ከፈተና ምንም ሳያወጣ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አትጠይቁኝ። እግሩን እሳት የነካው ሰው ይመስል ከኩሽና ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ ይላል። እህል አቅርቤለት ሁለት ጎርሶ ይነሳል። መኪናውን አስነስቶ ይወጣል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይመለሳል። የት ነበርክ ስለው «ቤንዚን ልቀዳ» ይለኛል። ዓርብ ዕለት አላስችል ብሎኝ አፋጠጥኩት።

«አራት ጊዜ ሄጃለሁ» አለ። «የፖስታ ሳጥኑ ድረስ። መስኮቱ ላይ ሰው አይና አዞራለሁ።»

ያኔ ልመታው ቃጣኝ፤ ሳስበው ግን ሲመቱት የኖረ ሰው ነው፣ ምን ይጨምርበታል።

ቅዳሜ ጠዋት ኬክ ጠቅልዬ እኔ ራሴ መኪናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። አማራጭ ሲያጣ መጣ። መንገድ ላይ ሞልቶ የሚፈስ ታንኩን ቤንዚን ልሙላ ብሎ ቆመ። ክራባቴን ልፍታ ብሎ ቆመ፣ ክራባቴን ልሰር ብሎ ቆመ። በመጨረሻ ወደ ቤት ሊያዞር ሲል፣ «ታዞርና ወርጄ በእግሬ ነው የምሄደው! ከዚያ የኔን ሬሳ ከመንገድ ታነሳለህ!» አልኩት። ቀጥ አድርጎ ነዳ።

በሩን የከፈተችው ፖሌት ናት፤ አርባ ዓመት የሆናት፣ እጇ ላይ የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ያንጠለጠለች ሴት። ዓይኗ የአባቷ ዓይን ነው።

«ማን እንደሆኑ አውቃለሁ» አለችው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ሆሊስ ባርኔጣውን አወለቀ። ግማሽ የተቆረጠው ፀጉሩ ታየ።

«ልጄ፣ ሳታባርሪኝ አንዴ ስሚኝ» አለ። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ይለምናታል፤ ያን ሁሉ አዳራሽ በማይክ ያስነሳ ሰው። «ያ ፍሬን ምንም አልነበረበትም። መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ። አባትሽ ኋላ ተኝቶ ነበር። ጠበኞች አልነበርንም፣ ሥራችን ነበር። ዝም ያለው ለእኔ ብሎ ነው፤ በእሱ አትፍረጂበት። አንዴ ልየውና እሄዳለሁ።»

ፖሌት ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

«ይሄንን ሊነግሩኝ ነው የመጡት?»

«አዎ።»

«እናውቃለን እኮ» አለች። «አባዬ ሆስፒታል የገባ ቀን ነው ለእማዬ የነገራት። ለእኔም ነግሮኛል፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ‹ለማንም እንዳትናገሪ፣ የሆሊስ እንጀራ ነው› አለኝ። ትምህርት ቤት ልጆቹ ስለ ፍሬኑ ሲያወሩ ቆሜ እሰማለሁ፣ ትንፍሽ አላልኩም። እማዬም እስክትሞት ትንፍሽ አላለችም።»

ሆሊስ አንድ እርምጃ ጠጋ አለ። «ታዲያ... ታዲያ በምን ተቀየምሽኝ?»

«ስላልመጡ ነዋ!» ጮኸች። «ስምንት ወር በጄሶ ተኝቶ ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል፣ ሲጨልም በጓሮ ይመጣል ይል ነበር። አርባ ደቂቃ መንገድ እኮ ነው! እሺ እሱስ ይሁን፣ ፈሩ። ከዚያ በኋላስ? ጨዋታ መሆኑን ዓለም ካወቀ በኋላስ? እማዬ አንዴ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ሚስትዎን ሰላም ልትላት ጠጋ ብትል ጋሪዋን አዙራ ሄደች።»

እኔ ነኝ ያቺ ሚስት። በቆርቆሮ የታሸገ የኮክ ፍሬ የሚደረደርበት ጋ ነበር። ኦፓል ወደ እኔ ስትመጣ ልትተፋብኝ መስሎኝ፣ ሰውም እያየን ስለነበር፣ ጋሪዬን አዙሬ ሄድኩ። ዓመታት ሙሉ ከስድብ አመለጥኩ ብዬ ነበር የማስበው። እዚያ በር ላይ ቆሜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ሆሊስን ስነዘንዘው ኖሬ እኔም ያው ነበርኩ።

ከውስጥ ሳል ተሰማ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ፣ «ፖሌት፣ ማነው?» አለ።

ፖሌት ከበሩ ገለል አለች።

ዴልበርት ሳሎን ውስጥ በተዘረጋ አልጋ ላይ ነበር፣ አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ። ከዚያ ሰው የቀረው ቁመቱ ብቻ ነው። ሆሊስ አልጋው ጫፍ ድረስ ሄዶ ቆመ። ዴልበርት አየው፣ ደግሞ አየው።

«የተቀየምከኝ መስሎኝ» አለ።

«እኔ? አንተን?»

«በጩቤ ወጉት ሲሉኝ... ውሻውን ገደሉበት ሲሉኝ...» ትንፋሹ አጠረው። «በእኔ ምክንያት ነው አልኩ። ሂድ ያልኩህ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሊያየኝ አይፈልግም ብዬ ተውኩ። ስልኩን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ።»

ሆሊስ አልጋው ጠርዝ ላይ ግንባሩን ደፍቶ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። አርባ ስምንት ዓመት በትዳር ኖሬ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁም።

«ተው እንጂ» አለው ዴልበርት፣ እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ። «አንተ ሁልጊዜ ታበዛዋለህ።»

ዴልበርት ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ቀን ኖረ። ሆሊስ አሥራ ሦስቱንም ቀን ሄደ። ያን የሐምሌውን ግጥሚያ ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ያወሩታል፤ እዚህ ላይ የያዝከኝ በግራ ነው፣ የለም በቀኝ ነው እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ፖሌት ለሁለቱም በረዶ የበዛበት ሻይ ታቀርባለች፤ የእኔንም ሳትረሳ።

ቀብሩ ላይ ሳጥኑን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ሆሊስ ነበር። የዱሮ ተመልካች ብዙ መጥቷል። አንድ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ሆሊስን ሲያይ፣ ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ፣ «ፍሬን ቆራጩ! የገደለውን ሊቀብር መጣ!» አለ። ሆሊስ እንደ ድሮው አንገቱን ደፍቶ ሊያልፍ ነበር። ፖሌት ቆመች። ዞር አለችና፣ «አፍዎን ይዝጉ። የአባቴ ጓደኛ ነው» አለች።

ሰው ፊት ይህ ቃል ሲነገር የመጀመሪያው ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን እዚያው መቃብሩ አፋፍ ላይ ተናደድኩ፤ አሁንም ሳወራው ያንገበግበኛል። ሃያ ስምንት ዓመት አባክነን፣ አሥራ ሦስት ቀን ምን አላት?