ዓርብ የተዋጠ ጨው

የእህቴ ባል መተማ የሰሊጥ እርሻ ላይ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ የጨው ክኒን የሞላ ብልቃጥና የሐኪም አነጋገር። እዚያ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ አሠሪው ክኒኑን ከብዙ ውሃ ጋር ይሰጣቸው ነበር አሉ። እሱ ውሃውን እዚያው ረስቶት መጣ።

በእኛ ደጋ ቆሰበር ላይ ግን ላብ የት ይገኛል? በጥር ጠዋት ጋቢ ደርበን የምንንቀጠቀጥ ሰዎች ነን። አማቻችን ግን ለአገው ፈረሰኞች በዓል የሚለማመደውን ሁሉ እየተከተለ ክኒን ያድል ጀመር። «ላብ የወሰደውን ይመልሳል፤ ጉልበት ነው» ይላል ደረቱን ነፍቶ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይኼው ነው። ተቀባዮቹም ከእሱ አይሻሉም፤ ከሩቅ የመጣ ሁሉ መድኃኒት የሚመስላቸው ጉዶች!

እኔ የብልቃጡን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። በቤታችን እንግሊዝኛ የሚያነብ ሌላ ሰው የለም። ላቡ ያልተንጠፈጠፈ ሰው አያስፈልገውም፤ በብዙ ውሃ ይወሰድ፤ ከተጻፈው መጠን አይለፍ፤ ደም ግፊት ያለበት ሐኪም ሳያማክር እንዳይነካው ይላል። አባቴ ደም ግፊት አለበት፤ የግፊቱን መድኃኒት በየጠዋቱ የምሰጠውም እኔ ነኝ። ብልቃጡን ሳገላብጥ መደብ ላይ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። እህቴ እንዳትቀየመኝ፣ «ተማርኩ ባይ» እንዳልባል ብልቃጡን መልሼ አስቀመጥኩት። ዝም አይነቅዝም ብዬም ራሴን አጽናናሁ።

ዓርብ ከልምምዱ በፊት አባቴ እንደ ልማዱ ፈረሱን ጨው አላሰው። ከዚያ ወንዝ ወርዶ፣ እስኪረካ ድረስ ቆሞ አጠጣው። ተመልሶ ከአማቻችን እጅ ሦስት ክኒን ተቀበለና በደረቁ ዋጣቸው። ጾም ነዋ! መድኃኒት ጾም አያስገድፍም፤ ውሃ ግን ያስገድፋል።

የልምምዱን ሁለተኛ ዙር ሳይጨርስ በፈረሱ አንገት ላይ ተደፋ። ስናወርደው አስመለሰው፤ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ በአገውኛ ፈጣሪውን ይጠራ ጀመር። በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ስንከንፍ ይሞትብኛል እያልኩ ደግፌ ይዤዋለሁ። አማቻችን አጠገቤ ሆኖ «ባዶ ሆድ ሆኖበት ይሆናል እንጂ ክኒኑስ ደህና ነው» ይላል። ያን ጊዜ ብተፋበት ደስ ባለኝ።

ነርሷ ግፊቱን ስትለካ ፊቷ ተለወጠ። ክኒኑን መዋጡን ስንነግራት ወደ እሱ ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ውሃ ጠጥተውበታል?»

«ዓርብ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«ለፈረስዎ ጨው ሲሰጡትስ ውሃ ይከለክሉታል?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ይሞትብኛል እንጂ።»

«ማነው የሰጣቸው?» አለች ወደ እኛ ዞራ። ሁላችንም አማቻችንን አየነው። እሱ መሬት መሬቱን አየ። ከሁሉም አብልጬ ያፈጠጥኩበት እኔ ነበርኩ።

አባቴ ተረፈ። ለዘንድሮ ግን ኮርቻ ላይ እንዳይወጣ ተከለከለ፤ በዓሉን ከሕዝቡ መሀል ቆሞ አየው። ፈረሱ ሌላ ሰው ተሸክሞ በፊታችን ሲያልፍ አማቻችንን ማብጠልጠል ጀመርኩ፤ ደንቆሮ፣ ጉረኛ፣ ያልወጣኝ የለም።

አባቴ ዓይኑን ከፈረሱ ሳይነቅል ሰማኝ።

«እሱማ ማንበብ አይችልም፣ ልጄ» አለኝ።