የኮምፒውተሩ ጠባቂ አቶ ጀቤሳ

አቶ ጀቤሳ ከቤት ሲወጡ ቆጣሪውን ሳያጠፉ በር አይቆልፉም። አንድ ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ ቴሌቪዥናቸውን ካቃጠለባቸው ወዲህ ይቺን ነገር ረስተው አያውቁም። የሚኖሩት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከልጃቸው ከኢፍቱ ጋር ነው። ድሮ እዚሁ፣ ሕንፃዎቹ በቆሙበት መሬት ላይ፣ ጤፍ ይዘሩ ነበር።

ኢፍቱ ቂሊንጦ ያለ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የልብስ ንድፍ ታወጣለች። የምትኮራበትን ሥራ የምትሠራው ግን ቤት ባለው ኮምፒውተሯ ነው። የፋብሪካው ጥበቃ ደግሞ ፍላሽ አያስገባም። ስለዚህ ቤት ኢንተርኔት አስገባችና ፋብሪካ ሆና የቤቱን ኮምፒውተር የምትከፍትበትን ፕሮግራም ጫነች። ዛሬ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ሥራዋን ለአለቆቿ ልታሳይ ነው፤ ከወደዱላት የንድፍ ክፍሉ ኃላፊ ትሆናለች።

«አባዬ፣ አደራ፣ ዛሬ ቆጣሪውን እንዳይነኩብኝ» አለች ጠዋት ስትወጣ።

«እኔን ነው እንዲህ የምትይው? እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው!»

ጠበቁትም፤ እስከ አራት ሰዓት ተኩል። ከዚያ ለጎረቤታቸው ለተክሌ ልጅ ሚስት ሊጠይቁ ቀጠሮ ነበራቸው። ከሽማግሌዎቹ ዋናው ተናጋሪ እሳቸው ናቸውና ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ንግግራቸውን በልባቸው እያነበነቡ ወጡ። እጅ ደግሞ አመል አለው፤ በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ቆጣሪው ሄደና ቀጭ አደረገው።

ሽማግሌዎቹ ገና ከመግባታቸው፣ እዚያው ኮንዶሚኒየም የሚኖሩት የልጅቷ ቤተሰቦች «ተቀመጡ» አሏቸው። አቶ ጀቤሳ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!» ብለው መጀመራቸው ነበር፣ ስልካቸው ጮኸ።

«አባዬ፣ አጠፉት እንዴ?»

አቶ ጀቤሳ ክው አሉ። ጓደኞቻቸውን «እንዳትቀመጡ፣ መጣሁ!» ብለው በጋቢያቸው እየተጠለፉ ሮጡ። ፎቁን በአንድ ትንፋሽ ሊወጡት አስበው ትንፋሹ ሁለተኛው ላይ አለቀ፤ ቢሆንም ወጡ። ቆጣሪውን መለሱት፤ ኮምፒውተሩንም አስነሡት። እሱ ግን ባዶ ሳጥን አውጥቶ የይለፍ ቃል ጠየቃቸው።

«የበሬያችንን ስም ይጻፉ» አለች ኢፍቱ በስልክ፤ «በቁቤ።»

«ዳለቾን?»

«አዎ፣ እሱን።»

ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ዳለቾ ሲሸጥ ኢፍቱ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ያን ግራጫ በሬ ከእሳቸው በቀር የሚያስታውሰው ሰው ያለ አይመስላቸውም ነበር። ለካ ልጅቱ በየቀኑ ሥራ የምትጀምረው ስሙን ጽፋ ነው! ቁቤንም ቢሆን የለቀሙት እሷ አንደኛ ክፍል ስትገባ ከደብተሯ ነበር፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለጉ ጻፉ።

ስክሪኑ ተከፈተ። ትንሽ ቆይቶ የመዳፊቷ ቀስት ማንም ሳይነካት መንቀሳቀስ ጀመረች፤ የቀሚስ ንድፍ ወጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አቶ ጀቤሳ እንዳያበላሹባት እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ደብቀው ተቀመጡ።

«በርቺ ልጄ» አሉ ለስክሪኑ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ደወለች። «ወደዱልኝ አባዬ! ከሰኞ ጀምሮ ኃላፊ ነኝ!»

ቆጣሪውን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ ወጡ። ሲመለሱ ሽማግሌዎቹ አሁንም ቆመዋል፤ አንደኛው ጓደኛቸው ግድግዳ ተደግፏል።

«አንተ ሰውዬ፣ እግራችን ሊቆረጥ ነው! የት ጠፍተህ ነው?»

«ዳለቾን ጠምጄ መጣሁ» አሉ አቶ ጀቤሳ፣ ንግግራቸውንም ካቆሙበት ቀጠሉ።